ጉድጓድ አፍ ላይ የተነሳሁት ፎቶ

የእህል ጉድጓድ የሚከፍት ሰው አምሮ አይወጣም። ቆቦ ላይ ይሄን የማያውቅ የለም። ማሽላህን ዓይናም ሰው እንዳያይብህ ቡትቶህን ደርበህ፣ ያጣህ የነጣህ መስለህ ነው ጉድጓዱ አፍ ላይ የምትቀመጠው። እኔም እንደዛው አርጌ ክዳኑን ገፋ ሳረገው የታፈነው ሽታ ወጣና ዓይኔን አቃጠለኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ሚካኤል የሚባል የእርዳታ ድርጅት ልጅ በአጥሩ ብቅ አለ። ከባህር ዳር ነው የመጣው። መልከ መልካም ነው፣ ሚስት ግን የለውም፤ ለምን እንደሆነ ጎረቤቴ ከፈለች ነግራኛለች፣ እሱ ይቆየን። ፎቶ ላንሳዎት አለኝ። ፎቶ ማን ይጠላል፣ አንሳ አልኩት።

በሳምንቱ ትልቅ ሸራ ላይ ሆኜ ገበያው መግቢያ ተሰቀልኩ። ጉድጓዱ የለ፣ ማሽላው የለ፣ እኔና እንባዬ ብቻ። የልጅ ልጄ ራዊያ አነበበችልኝ፦ «እርስዎ ጠግበው ሲተኙ እኒህ እናት ምን በልተው ያድራሉ?» አንብባ ሳትጨርስ ፊቷ ጠቆረ።

ወዳ አይደለም። የዋጃው አያ ሙሀመድሰይድ ለልጃቸው ሊያጯት ሽማግሌ ልከው ነበር። እሳቸውም ገበያ መጥተው ሸራውን ያያሉ። የማን ፎቶ እንደሆነ ሳያውቁ እንቅልፍ አጥተው ያድሩና አንድ ጆንያ ማሽላ ለድርጅቱ ይሰጣሉ። የራዊያ አያት መሆኔን የሰሙ ለት ግን፣ አሮጊቱን በረሃብ ከሚያስለቅስ ቤት አልዛመድም ብለው ላኩ። ራዊያ እህል አልቀምስ አለች።

ሚካኤልን አውርደኝ ስለው፣ የእርስዎን ዓይን አይቶ ሳይሰጥ የሚያልፍ የለም፣ ስንት ችግረኛ ይረዳል መሰለዎት አለኝ። ችግረኛማ ሞልቷል። የራበው አለ ቢሉን መች እንነፍጋለን? የበላነውን አንገታችን ላይ ማስቆም ምን የሚሉት ነው? ያውም በኔ እንባ።

ጁምዓ፣ ከሶላት መልስ፣ ሚካኤልንም አያ ሙሀመድሰይድንም ጠራኋቸው። ወላሂ ጉድጓዴን ለሰው ዓይን ገልጬ አላውቅም። ለራዊያ ስል ቢስሚላሂ ብዬ ክዳኑን ገፋሁት። አያ ሙሀመድሰይድ አጎንብሰው እስከ አንገቱ የሞላውን ማሽላ አዩ።

«እትዬ መይሙና፣ ይሄ ሁሉ ያንቱ ነው?»

«የማን ሊሆን ኖሯል? ያንቱ ጆንያ እንደሁ እኔ ጋ አልደረሰ።»

ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቶ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። ሚካኤል ካሜራውን አንግቶ ቆሟል።

«ምን ትጠብቃለህ ልጄ፣ አንሳቸው እንጂ። የሳቸው ከኔም ያስለቅሳል» አልኩት።

አያ ሙሀመድሰይድ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ሽማግሌዎቼ ይመለሳሉ፣ ሸራው ግን ዛሬውኑ ይውረድ አሉ። ሚካኤል ሄዶ በእጁ አውርዶ አመጣው። ጥሩ ሸራ ነው፣ ዝናብ አያስገባም። ተቀበልኩትና ሸራው ላይ ያለውን ፊቴን ወደ ማሽላው አዙሬ ጉድጓዱን ከደንኩበት።