የበርሜሉ ቀይ ጨርቅ

ከበርሜሉ ቧንቧ ላይ ቀዩ ጨርቅ የለም። ቧንቧው ሥር ደግሞ የአራት ዓመቷ ሀይሚ ጣሳዋን ደቅና ቆማለች።

ወለተሥላሴ የልብስ ዘንቢሏን ጥላ ሮጠች። ጣሳውን ከልጇ እጅ ነጥቃ ውኃውን መሬት ላይ ደፋችው።

«ጨርቁ የለማ፣ እማ» አለች ሀይሚ፣ ለማልቀስ እየዳዳት።

ልጅቷ አላጠፋችም። ማንበብ የማይችለው ስለሚበዛ የሰፈሩ ሴቶች የተስማሙበት ምልክት ነው፤ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ውኃ ልብስ የታጠበበት፣ በአሸዋና በከሰል ተጣርቶ ለነጭ ሽንኩርቱ መደብ የሚሄድ ነው። አይጠጣም። የማጣሪያውን ጉድጓድ የቆፈሩት፣ አሸዋውን ያጠቡት እነሱ ናቸው። ጨርቁን ያሰረችው ደግሞ ራሷ ወለተሥላሴ ናት።

«ማን ፈታው?»

ጎረቤቷ ጁሀራ አሻራ ለመስጠት ከተሰለፉት ሴቶች መሀል ዞር አለች። አውራ ጣቷ በቀለም ጠቁሯል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ገና አላሳረፈችውም። «ጋሽ ተሰማ ናቸው። ለእንግዳ አያምርም አሉ።»

እንግዳው ጌታነህ ይባላል። ምንጭ ላጎለበተና ያገለገለ ውኃን መልሶ ለተጠቀመ ማኅበር ማበረታቻ ከሚሰጠው ድርጅት የመጣ ነው። መኪናው ላይ ወረቀት ዘርግቶ የሴቶቹን አሻራ ይቀበላል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ተሰማ ኮታቸውን ቆልፈው አጠገቡ ቆመዋል።

«የሀይሚ እናት፣ ነይ አሻራሽን አሳርፊ። ሰውየውን ጎባ ከተማ ይጠብቁታል» አሉ።

«መጀመሪያ ላንብበው» ብላ ወረቀቱን አነሣች።

«ወይ ጉድ! እስክትጨርሺው ክረምቱ ይገባላ!» አለች አንዷ ከኋላ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ወለተሥላሴም ፈገግ አለች፤ ወረቀቱን ግን አልለቀቀችም። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሳለፈች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወረደች። አራተኛው መስመር ላይ ቆመች። ተመልሳ እንደገና አነበበችው። የተጣራው ውኃ ለመጠጥ እየዋለ ስለሆነ ሙሉ ማበረታቻው ይከፈል ይላል።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይህን ውኃ ማን ጠጣው?»

ሽማግሌው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ወረቀት ነው እንጂ ማን ጠጣ አለሽ? ለመጠጥ ካልተባለ የሚሰጡን ግማሹን ነው። በግማሹ የምንዘረጋው የውኃ መስመር ከምንጩ ተነሥቶ መስጊዱ ጋ ይቆማል። ያንቺ ቤት ከመስጊዱ ወዲያ ነው። እኔ ለማን ብዬ ነው?»

እውነታቸውን ነው። የምንጩን ዳገት ጀርባዋ ያውቀዋል። ሀይሚን አርግዛ ወጥታዋለች፤ አዝላት ወርዳዋለች። ደጇ ላይ ውኃ ሲንፎለፎል ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሰምታለች! ከዚያ ዓይኗ መሬቱ ላይ ገና ያልደረቀው የጣሳው ውኃ ላይ አረፈ።

«ችግር አለ እንዴ?» አለ ጌታነህ፣ የቀለሙን ሣጥን ወደ እሷ እየገፋ።

«ብዕር ይስጡኝ።»

«አሻራ ይበቃል።»

«ብዕር።»

ሰጣት። ስሟን በንጹሕ ፊደል ለምትፈርምበት ቀን ወራት ሙሉ ስትለማመድ ኖራለች። አሁን ፊደሎቹ ተንጋደው ከመስመሩ ወጡ። «ይህ ውኃ አይጠጣም። ልብስ የታጠበበት ነው» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ስሟን አኖረች።

ጌታነህ አንብቦ ግንባሩን አሸ። «እንዲህ ተጽፎበት ይዤው ከሄድኩ ግማሹም ሊቀር ይችላል።»

«ይቅራ! ዳገቱን ለምጄዋለሁ። ልጅ መቅበር ግን አልለምድም።»

ማንም አልሳቀም። ጁሀራ አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ከሰልፉ ወጣች። «እኔም ወላሂ አላሳርፍም» አለች።

ወለተሥላሴ መዳፏን ወደ ጋሽ ተሰማ ዘረጋች። «ጨርቁን ይስጡኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተቱ፤ እጃቸው እዚያው ብዙ ቆየ። በመጨረሻ የተጨማደደውን ቀይ ጨርቅ አውጥተው፣ ሳያዩዋት፣ መዳፏ ላይ አኖሩት።

ቧንቧው ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ጌታነህ ወረቀቱን አላጠፈውም፣ አልቀደደውምም፤ ይዞት እንደቆመ ነው። እሷ ግን መልሱን አልጠበቀችም። ከልብስ ዘንቢሏ ጎን ባዶ ጀሪካኗን አንሥታ፣ የሀይሚን እጅ ይዛ፣ የምንጩን ዳገት ጀመረችው።