የግርጌው በረከት

ደሳለ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እንደ ተከለ ቀረ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አለ ለራሱ። በስተግራ የብራናው ፎቶ ተዘርግቷል፤ በስተቀኝ ማሽኑ ከፎቶው አንብቦ የጻፈው ተደርድሯል። ፎቶው ላይ፣ ከገጹ ግርጌ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈው ስም «ወልደ ጊዮርጊስ» ነው። ማሽኑ የጻፈው ግን «አመተ ማርያም» ይላል። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ተመለሰ። አመተ ማርያም እዚያ ፎቶው ላይ አለች፤ ቦታዋም እዚያው ነው። አንድ ገጽ ወደ ፊት ሄደ። እዚያ ደግሞ ወልደ ጊዮርጊስ በሰው ቦታ ጉብ ብሏል። የአንዱ ስም ለሚቀጥለው እየታደለ ነው።

እውነቱን ለመናገር ደሳለ አልደነገጠም። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ማሽኑን የሠራችው ሰገነት ናትና።

መጽሐፉ የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። ቄስ አረጋ ከአሸተን ማርያም ጀርባ ካለች ትንሽ ደብር ተነስተው፣ ማኅደሩን በትከሻቸው አንግተው፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ላሊበላ ገቡ። ተአምረ ማርያም ነው። የዚያች ደብር ሰዎች አያቶች ሲያስጽፉት እያንዳንዱ ቤት የአንድ ተአምር ወጪ ችሏል፤ ተአምሩ በአንድ ገጽ ያልቃል፤ ግርጌው ላይ የእመቤታችን ጸሎትና በረከት ከዚያ ቤት ሰው ጋር እንዲሆን የሚለምን ቡራኬ ከነክርስትና ስሙ ይሰፍራል። የልጅ ልጆቹ ዛሬም ተአምራቸው የሚነበብበትን ቀን ቆጥረው ነው የሚጠብቁት። ቄሱ መጽሐፉ ፎቶ እንዲነሳ ሕዝቡን ለማሳመን አንድ ዓመት ሙሉ ለፍተዋል። ስምምነቱም አጭር ነው፤ ሃያ ገጽ ይሞከራል፣ ልክ ከሆነ ይቀጥላል፣ ካልሆነ መጽሐፉ ወደመጣበት ይመለሳል፤ ሁለተኛ አይወርድም።

ሰገነት ከመምጣቷ በፊት በዚህ የብራና ጽሕፈት ቤት ስለ ኮምፒውተር የሚጠየቅ ሰው ደሳለ ብቻ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ፕሪንተር የጠገነው፣ ካህናቱን ፊደል በኪቦርድ ያስተማረው፣ መብራት ሲቆራረጥ የጠፋ ፋይል ሲያስስ የዋለው እሱ ነው። ባለፈው መስከረም ግን ይህች የፍላቂት ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት፣ መዳፍ የምታክል ካርድ ይዛ ከተፍ አለች። የካርዱ ሥራ አንድ ነው፤ የግዕዝ እጅ ጽሑፍ ማንበብ። ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒውተሩ አንጎል ብቻውን ለአንድ ገጽ ሁለት ደቂቃ ሲማስን፣ ካርዱ ሲያግዘው ስድስት ሰከንድ ይበቃዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የሰገነት የእጅ ሥራ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መሪጌታ ሰውአገኝ አንድ ቀን «ልጄ፣ ይሄ ድራይቨር የምትይው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት።

«እርስዎ ዳዊት ሲማሩ መጽሐፉ ስንት ነበር?» አለቻቸው።

«አንድ! ለሁለት ተማሪ አንድ። እኔ በቀኙ አነባለሁ፣ ጓደኛዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ በተዘቀዘቀው ያነባል። እስከ ዛሬ ዳዊት የሚጥመው ተዘቅዝቆ ሲያየው ነው።»

«ፕሮሰሰሩና ካርዱም እንደዚያው ናቸው። ያላቸው ሜሞሪ አንድ ነው። ፕሮሰሰሩ ፎቶውን እዚያ ላይ ያሰፍራል፣ ካርዱም ከዚያው ላይ ያነባል። ብቻ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይጀምር፣ አሁን ያንተ ተራ ነው የሚል ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል። ድራይቨር ማለት እሱ ነው።»

መሪጌታ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ሰገነት እንዳለችኝ» እያሉ ይህንኑ ይተርካሉ። ደሳለን ግን የዚያን ቀን እራቱ አልወርድ አለው። እሱም እኮ ማስረዳት ይችል ነበር፤ ማን ጠየቀው? ደግሞ ልጅቱ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልዘለለውን ሰውዬ «ጋሼ» ትለዋለች። በአክብሮት እንደምትለው ያውቃል። ማወቁ ግን አልጠቀመውም፤ ስትስቅ ይከፋዋል፣ ዝም ስትል የናቀችው ይመስለዋል።

ብድግ አለና ወደ ግቢው ወጣ። ሁለቱ ካህናት፣ መሪጌታና ቄስ አረጋ፣ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ሰገነት ማንቆርቆሪያ ይዛ ውሃ እየቀዳችላቸው ነው። ደሳለ ለብቻዋ ጠርቶ ሊነግራት ይችል ነበር። ይህም ሐሳብ መጥቶለት ነበር፤ እንዲያልፍ ተወው።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ጮክ ብሎ። «ማሽኑ የቄስ አረጋን መጽሐፍ አሳስቶ ነው ያነበበው።»

«ምኑን አሳሳተው?»

«ስሞቹን። የአመተ ማርያምን ቡራኬ ለወልደ ጊዮርጊስ ገጽ ይሰጣል፣ የወልደ ጊዮርጊስን ደግሞ ለሚቀጥለው። እስከ ሃያኛው ገጽ እንዲያ ነው።»

ቄስ አረጋ ያፈሱትን ቆሎ መልሰው ሳህኑ ላይ አደረጉት። «የሰውን በረከት ለጎረቤቱ? ኧረ በስመ ሥላሴ! የአመተ ማርያምና የወልደ ጊዮርጊስ የልጅ ልጆች ዛሬም በእርሻ ወሰን የሚካሰሱ ናቸው። በረከታችንን ለጠላታችን ሰጠህብን ቢሉኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? መጽሐፌን አምጡልኝ፤ ፀሐይ ሳይበረታ ልውጣ።»

ሰገነት ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ግርጌው ብቻ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ግርጌው ብቻ ነው። ሂጂና እይው» አላት ደሳለ። «ድራይቨሩ ያንቺ አይደል?»

ሰገነት አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ለደሳለ መልስ ያጣች መሰለው። መሪጌታ አንዴ እሷን፣ አንዴ እንግዳቸውን አዩ። ፊታቸው ያፈረ ሰው ፊት ነበር።

«ደሳለ፣ ታቃናዋለህ?»

«አቃናዋለሁ።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑን አንተ ያዘው። ሰገነት ወደ ካሜራው ክፍል ትለፍ፣ ገጽ ፎቶ ታንሳ። አባቴ፣ እርስዎም ስለ እመቤታችን ብለው እስከ ስድስት ሰዓት ይቆዩልን።»

አራት ወር የተመኘው ነገር አንድ ኩባያ ውሃ ከሚጠጣበት ባነሰ ጊዜ እጁ ገባ። ልቡ ጮቤ እየረገጠ ተመለሰና የሰገነት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩን ለቁመቱ ከፍ አደረገው። ኮዱን ከፈተ።

ነገሩ ለሚያውቅ ሰው ከባድ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ፎቶውን ወደ ጋራው ሜሞሪ ሲያሰፍር የመጨረሻዎቹን መስመሮች ካሽ በምትባል የራሱ ትንሽ ማቆያ ውስጥ ይዞ ይቆያል፤ አውርድ ካልተባለ ቶሎ አያወርዳቸውም። ካርዱ ደግሞ የሚያየው የጋራውን ሜሞሪ ብቻ ነው። ግርጌው ገና ካልወረደ፣ በቦታው የሚያገኘው ያለፈውን ገጽ ግርጌ ነው፤ እሱኑ ያነባል። ስለዚህ ድራይቨሩ ካርዱን «አንብብ» ከማለቱ በፊት ፕሮሰሰሩን «አውርድ» የምትል አንዲት የኮድ መስመር ታስፈልገዋለች። ደሳለ «ይህቺን ረስታ!» እያለ ወደ ቦታዋ ወረደ። እውነትም የለችም። መቼም ጽፋት እንደማታውቅ ለማረጋገጥ፣ ለመሪጌታም ለማሳየት፣ ማን ምን እንደ ቀየረ የሚይዘውን መዝገብ ከፈተ።

መስመሯ ነበረች። ሰገነት ገና ከመጀመሪያው ቀን ጽፋታለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ተሰርዛለች። የሰረዛት ሰው ስም «ደሳለ» ይላል።

ቀኑን አየው። ሰገነት ለአባቷ ተዝካር ፍላቂት የሄደችበት ሳምንት ነበር። ይህች መስመር በየገጹ ፕሮሰሰሩን ታስጠብቃለች ብሎ አወጣት፤ ስድስቱ ሰከንድ አምስት ሆነ። ሦስት መቶ ገጽ ባለው በጽሕፈት ቤቱ መጽሐፍ ላይ ሞከረው፤ አንድም ስህተት አልተገኘም። ከየት ይገኛል? ያንን መጽሐፍ ያስጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ግርጌው ሁሉ ያው ቡራኬ፣ ያው ስም ነው። ያለፈው ገጽ ግርጌ ቢነበብ ከዚህኛው በምን ይለያል? መሪጌታም ሲያመሳክሩ ቡራኬው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ነው የሚወጡት። «ደሳለ ሰገነትን በአንድ ሰከንድ ቀደማት» ተባለ፤ ሳምንቱን ደረቱን ነፍቶ ከረመ። ስትመለስ «ጋሼ፣ በደንብ ሞክረኸዋል?» ብላ ጠየቀችው። «ሦስት መቶ ገጽ!» አላት። አመነችው።

ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ የሚገባበት አይታወቅም ይባላል፤ ደሳለ ግን ገና አልገባም፤ አፋፉ ላይ ነው። መስመሯን መልሶ «ስህተቷን አገኘሁላት» ቢል ማን ያውቃል? መዝገቡን የሚያነብ ሰው በዚህ ግቢ ከሁለት አይበልጥም።

ሁለተኛዋ በር ላይ ቆማለች።

«ማስታወሻ ደብተሬን ልውሰድ ብዬ ነው» አለች ሰገነት።

መዝገቡን ሊዘጋ እጁን ሰደደ፤ ዘገየ። እሷ ስክሪኑን አየችው፤ አልተገረመችም።

«አውቀሽ ነበር?» አላት።

«ግርጌው ብቻ ነው ስትለኝ ገባኝ። ከዚያች መስመር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኔ እንዳላወጣኋት ደግሞ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? አፍ የለሽም?»

ሰገነት ወደ ግቢው ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንግዳ ፊት ላሳጣህ ነው? ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ብወጣ ባሕር ዳርም ሌላም ቦታ ሥራ አገኛለሁ። አንተ ስድስት ዓመት ለፍተህበታል፤ ልጆችህም እዚህ ነው ያሉት። መስመሯን መልሳትና አቃናሁት በላቸው። እኔ ትንፍሽ አልልም።»

ደብተሯን አንስታ ወጣች።

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ብትሰድበው፣ ሮጣ ብትከሰው፣ ቢያንስ እኩል ይሆኑ ነበር። በእውቀት ቀደመችው፣ በሞገስ ቀደመችው፤ ያ ሁሉ አልበቃ ብሏት በደግነትም ቀደመችው። ደሳለ ደግነቷንም ቀናባት። ከሁሉ በላይ ያቃጠለው እሱ ነው። ጥርሱን ነክሶ መስመሯን ከቦታዋ መለሳት፣ ሃያውን ገጽ እንደገና አስነበበ። ስሞቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ገቡ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ካህናቱ መጡ። ቄስ አረጋ መነጽራቸውን አድርገው ብራናውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ስክሪኑን በሌላው እጃቸው ጣት እየተከተሉ፣ ሃያውንም ግርጌ አንድ በአንድ አነበቡ። ወልደ ጊዮርጊስ ላይ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሲጨርሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ልክ ነው» አሉ። «አንድም አልጎደለ።»

መሪጌታ እጃቸውን የደሳለ ራስ ላይ ጫኑ። «አላሳፈርከኝም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ፤ ከክፉ...»

ሰገነት ከካሜራው ክፍል በር ላይ የሌንሱን መጥረጊያ ጨርቅ ይዛ ቆማ ታያለች። «ጋሼ ጎበዝ ነው እኮ» አለች። ፊቷ ላይ ፌዝ ፈለገ። የለም። የምሯን ነው።

«መሪጌታ፣ ምርቃቱን ያቁሙልኝ» አለ ደሳለ።

«ምን ነካህ?»

«ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሷ የጻፈችው ልክ ነበር። እሷ አገር ቤት ሄዳ ሳለ እኔ አንዲት መስመር አወጣሁበት፣ ሳልነግራት። ያኔ የፈጠነው በዚያ ነው፤ ዛሬ የተሳሳተውም በዚያው ነው። ጠዋት እናንተ ፊት ያሳጣኋት በገዛ ጥፋቴ ነው። እሷ ደግሞ አውቃ ዝም ብላኛለች።»

መሪጌታ እጃቸውን ከራሱ ላይ አነሱ።

«ለምን አደረግኸው?» አሉ ቄስ አረጋ። ንስሐ እንደሚቀበል ሰው ነበር አጠያየቃቸው።

ለማፍጠን ብዬ ነው ሊል ነበር። ቃሉ አፉ ላይ መጣ፤ ሰገነትን አየና ተወው።

«ቀንቼ» አለ።

ሰገነት አንገቷን ደፋች። ቄስ አረጋ ብራናውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው «አሁንስ? አሁን መጽሐፌ በደህና ይነበባል?» ብለው ጠየቁ።

«አሁን በደህና ይነበባል አባቴ» አለች ሰገነት። «በገጽ አንድ ሰከንድ ይዘገያል እንጂ።»

«አንድ ሰከንድ ምን አላት? መቶ ዓመት ጠብቋል።»

ደሳለ ከወንበሩ ተነሳ። ቅናቱ አልለቀቀውም፤ እዚያው ደረቱ ውስጥ ተጎልቷል፤ ምናልባት ነገም ይኖር ይሆናል። ጥፋቱን ግን ለእሷ አልሰጣትም፤ ይህች የራሱ ናት። ወንበሩን ወደ እሷ ገፋ፣ ከእጇ የሌንሱን ጨርቅ ተቀበላት።

«ገጽ የማነሳው እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ ማሽንሽን ያዢ።»

ማንም ሳይከለክለው ወደ ካሜራው ክፍል ገባ። ቄስ አረጋ ተከትለውት ገቡና መጽሐፉን ከመብራቱ ሥር አሳርፈው ሃያ አንደኛውን ገጽ ገለጡለት።