የማለዳው ባንድ

ሀጀራ ይመር ትሮምቦን የሚባለውን ትልቅ የናስ ጡሩምባ መንፋት የጀመረችው በልጅነቷ ነው። አባቷ ይመር መሣሪያውን መጀመሪያ ሲያይ፣ «ከወሎ ተነስቼ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የመጣሁት ልጄ ጡሩምባ ነፊ እንድትሆን ነው?» ብሎ ነበር። እሱ ጡሩምባ የሚያውቀው እድርተኛ ለቀብር ሲጠራ ነው። ቢሆንም አልከለከላትም። ታክሲውን ይዞ ከአርሊንግተን ኤርፖርት እስኪመለስ ልጅቷ ደህና ቦታ መዋሏ ይበቃው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 ጸደይ ላይ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የጃዝ መምህሯ ሚስተር ዊትፊልድ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው፣ ክፍሉ ከመጪው ዓመት ጀምሮ እንደሚዘጋ ነገሯቸው። ሰዓቱ ለፈተና ማጠናከሪያ ተፈልጓል። ሚስተር ዊትፊልድ ዋሽንግተን ተወልደው ያደጉ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ሲናገሩ ፒያኖውን እንጂ ልጆቹን አላዩም።

ሀጀራ ማታ ለአባቷ ነገረችው።

«አባ፣ ክላሱን ሊዘጉት ነው።»

«እንግዲህ ጊዜውን ለሂሳብ ታደርጊዋለሽ።»

«ትምህርት ቤቱ ለወላጆች የጠራው ስብሰባ አለ። ሄጄ እናገራለሁ።»

«ማን ይሰማሻል?»

«ባይሰሙኝም እናገራለሁ።»

ይመር ክርክሩን ተወው። ልጁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ቆርጣለች ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በማግስቱ ሚስተር ዊትፊልድን፣ «ምን ልበላቸው?» አለቻቸው። ሰውየው ስለ አያታቸው አወሯት። አያትየው በዋሽንግተን ሆቴሎች ትራምፔት ይነፉ ነበር። በፊት በር መግባት ስለማይፈቀድላቸው በኩሽና በኩል ገብተው ነጮቹን ያስጨፍራሉ፤ ሲጨርሱ እዚያው ቁጭ ብለው ውሃ መጠጣት እንኳ አይችሉም። ከዚያም ታሪኩን ይበልጥ ወደ ኋላ ወሰዱት። በባርነት ዘመን፣ ከበሮ በተከለከለበት ቦታ፣ ሰዎቹ በእጃቸው አጨበጨቡ፣ በእግራቸው መሬቱን መቱ። ጥጥ እየለቀሙ አንዱ ዜማ አወጣ፣ ሌላው ተቀበለ። ያ ዜማ ኒው ኦርሊንስ ላይ ከሰልፍ ባንዶች መሣሪያ ጋር ሲገናኝ ጃዝ ተወለደ።

«ይህች አገር ባህሌ ብላ ለዓለም የላከችውን ሙዚቃ የሠሩት በኩሽና በር ያስገባቻቸው ሰዎች ናቸው» አሏት። «ይሄን ያልተማረ ልጅ አሜሪካን አላወቃትም። ግን ይሄ የኔ ታሪክ ነው። አንቺ የራስሽን ተናገሪ።»

ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ ይመር መኪናው ውስጥ መንዙማ ከፍቶ ነበር። ሀጀራ ጆሮዋን ሰጥታ ቆየችና፣ «አባ፣ እዚህም አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ» አለች።

«መንዙማ ዱዓ ነው፤ ያንቺው ግን ጨዋታ ነው። አታመሳስዪ።»

«የነዚያ በባርነት የነበሩት ሰዎችም ከጸሎት ነው የወጣው። ሌላ ምንም አልነበራቸውም።»



በስብሰባው ላይ ርእሰ መምህሯ፣ ጃዝ የሚወድ ልጅ በኢንተርኔት ማዳመጥ እንደሚችል ተናገሩ። ሀጀራ ተነሳች።

«ማዳመጥ እችላለሁ» አለች። «ጃዝ ግን ሌላው የሚለውን ሰምቶ እዚያው መመለስ ነው። ብቻዬን ለማን እመልሳለሁ? ወላጆቼ የመጡት ከኢትዮጵያ ነው። የዚህን አገር ታሪክ ከመጽሐፍ ተምሬ ፈተናውን አልፌያለሁ። ባርነት ምን እንዳደረገ፣ ሰዎቹም ምን እንዳደረጉ የገባኝ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ትሮምቦን ይዤ ነው።»

ሰው አጨበጨበላት። ከሳምንት በኋላ ግን ውሳኔው መጣ፤ ክፍሉ ይዘጋል።

ሀጀራ መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ በቀጥታ ወደ ሚስተር ዊትፊልድ ሄደች።

«በሚመጣው ዓመት ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር የሙዚቃ ክፍሉ ባዶ ነው? እዚያ እንለማመድ።»

«ባዶ ነው። ግን ማርክ አልሰጥሽም። በዚያ ሰዓት የትምህርት ቤት ባስም የለም።»

«ማርክ አልጠየቅሁም። እርስዎ ይመጣሉ?»

«በሩን ከኔ ሌላ ማን ይከፍትልሻል ታዲያ?» አሉ ሰውየው።

የትምህርት ቤቱን ባስ ጉዳይ ለአባቷ አነሳችለት። «ለሱብሒ መነሳትህ አይቀርም። ከሶላት በኋላ አድርሰኝ።»

«እስኪ ለሳምንት እንየው» አለ ይመር። ሳምንቱ ዓመት ሆነ።

መስከረም ላይ የመጡት አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። ቤዝ ጊታር የሚጫወት አልነበረም፤ ከበሮ መቺዋ ዳንዬላ ደግሞ እንቅልፏን አልጨረሰችም። የተጫወቱት ለጆሮ አይመችም ነበር። ሀጀራ ማታ ማታ ለቀሩት ልጆች እየደወለች ትለምን፣ ትቆጣ ጀመር። አንዳንዱ ስልኩን ዘጋባት። ሌላው፣ እሷን ለመገላገል ሲል መጣና በዚያው ቀጠለ። በረዶ መጣል ሲጀምር ክፍሉ ሞልቶ ነበር።

ይመርም መኪና ውስጥ መጠበቁ ሲበርደው ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። ተስቢሑን በጣቱ እየቆጠረ ከኋላ ይቀመጣል፤ ሰው ሲያየው ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ቀን ማታ እራት ላይ እያሉ ድንገት፣ «ያቺ ሳክስፎን የምትነፋው ልጅ ሌሎቹን አትሰማም፤ ቀድማቸው ትሮጣለች» አለ።

ሀጀራ ቀና ብላ አየችው። «አውቃለሁ። ነገ እነግራታለሁ» አለችው።

የጃዝ ክፍሉ እሷ እስክትመረቅ አልተመለሰም። የማለዳው ባንድ ግን አልተበተነም፤ ስትወጣ ለዳንዬላ አስረክባ ወጣች። በዚያ በጋ ይመር ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ከተማ ወዳለው ኮሌጅ በታክሲው ለምዝገባ ወሰዳት።

«ሙዚቃ ብቻ ነው የምትማሪው?» አላት ድልድዩን ሲሻገሩ።

«ሙዚቃ ብቻ።»

ይመር ከድልድዩ ወርዶ ታጠፈ።

«እንግዲያው አጥብቀሽ ያዢው» አለ።