በእቴቴ ሳሌሃ ስም

«ናጃህን ሱቅ ጠብቂልኝ ብሎ የሄደ ሰው ሲመለስ ግድግዳውንም ሸጣ ትጠብቀዋለች» ይሏት ነበር ቡታጅራ መናኸሪያ አካባቢ። ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ሁለት ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ዕቃ ስታቀብል ስለሠራች ደግሞ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ሐኪማችን» ይላታል። እሷም አንድ ቀን እንኳ «ኧረ እኔ ሐኪም አይደለሁም» ብላ አታውቅም፤ ምን ቆርጧት።

በ2007 ዓ.ም. የራሷን ሱቅ ከፈተች። ንግድ ፈቃዷ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ «የቅመማ ቅመም ችርቻሮ» ይላል። አብዝታ የምትሸጠው ግን በትንንሽ ጠርሙስ የሞላችውን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነው። ፌስቡክ ላይም ገጽ ከፈተች። መጀመሪያ ላይ ማን ዞር ብሎ ይያት? የጠርሙስ ፎቶ ብትለጥፍ አምስት ላይክ፣ እሱም ከአጎቶቿ ልጆች።

ነገሩ የተለወጠው በአረፋ ነው። ለአረፋ በየአገሩ የተበተነው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ናጃህም መስቃን ገጠር ወዳለችው ወደ አባቷ እህት፣ ወደ እቴቴ ሳሌሃ ሄደች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደገቻት እቴቴ ሳሌሃ ናት። አክስትየው ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ ራሷን በመርፌ ትወጋለች። ናጃህ የወሰደችላትን ዘይት ቀመስ አደረገችና «ሽታው ደስ ይላል» አለች። በቃ፣ ያለችው ይኸው ነው። ናጃህም አዲሱን ሻሿን አስተካክላ፣ ጠርሙሱን አስይዛ፣ ስትስቅ ፎቶ አነሳቻት።

በማግስቱ ፎቶውን ለጠፈችና ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦ «ስኳር አሥራ ሁለት ዓመት አሠቃየኝ። የናጃህን ዘይት በማር ሁለት ወር ወሰድኩ። ዛሬ ድኛለሁ፤ መርፌዬን ጥያለሁ። ወይዘሮ ሳሌሃ፣ ከመስቃን።»

አላስፈቀደቻትም። አክስትን ማን ያስፈቅዳል? ደግሞ ሁሉም ሻጭ እንዲያ ነው የሚጽፈው፤ አንዱ ገጽ ላይ መላጣው ጠጉር አብቅሏል፣ ሌላው ላይ መካኗ ወልዳለች። የሷ ስኳር ከዚህ ሁሉ መሀል ምን ያስገርማል?

ጽሑፉ እንደ ጉድ ሄደ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ተቀባብሎ አጋራው። ከወልቂጤ ተደወለ፣ ከቆሼ ተደወለ፣ ዘይቱ በየሚኒባሱ ይላክ ጀመር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው እንግዲህ፤ ናጃህ ሳቀች፣ ጠርሙስ በካርቶን አዘዘች፣ ምኑም ምኑም አልታያትም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ አቶ ገብረእግዚአብሔር ሱቋ ድረስ መጡ። ከሰሜን መጥተው ቡታጅራ ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። የፌስቡክ ገጿን አሳትመውት ነበር።

«እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?»

«አክስቴ ናት።»

«ፎቷቸው ለማስታወቂያ እንዲወጣ ፈቅደዋል?»

«አክስቴ ናት አልኩዎት እኮ።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ፈቅደዋል ወይ ነው ያልኩሽ። የሰው መልክ የባለቤቱ ነው፤ ዘመድም ብትሆኚ ሳታስፈቅጂ ዕቃ አትሸጪበትም፤ ሕግ ነው። ይሄን ቃልስ እሳቸው ናቸው ያሉት?»

ናጃህ ጠርሙሶቹን ማስተካከል ጀመረች። «በግምት።»

«በግምት ድነዋል ማለት ነው?»

«አቶ ገብረእግዚአብሔር፣ ፌስቡክ እኮ ነው። እዚያ ደግሞ መንግሥት አለ እንዴ?»

ሰውየው አልተቆጡም፤ እሷን ያናደዳት ይኸው አለመቆጣታቸው ነበር። «የምትሸጪው ለሰው ነው፣ ልጄ። ግድግዳ ላይ ብትለጥፊው፣ በሬዲዮ ብታስነግሪው፣ ስልክ ላይ ብትጽፊው ማስታወቂያ ማስታወቂያ ነው። ውሸት ከሆነ ያስጠይቃል። ፈቃድሽንም ቀና ብለሽ አንብቢው፤ ቅመም ነው የሚለው። በሽታ አድናለሁ ላለ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት አለው። ምክሬ ጽሑፉን ዛሬውኑ እንድታነሺው ነው። እውነት ነው የምትዪ ከሆነ ግን የሴትዮዋን የፈቃድ ፊርማና የሐኪም ማስረጃ ይዘሽ ሰኞ ቢሮ ትመጪያለሽ። አለበለዚያ ሱቁ ይታሸጋል፣ ጉዳዩም ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

ናጃህ ከዚህ ሁሉ ንግግር የያዘችው «ፊርማ» የሚለውን ብቻ ነው። ጽሑፉን አላነሳችውም። እሱን ማንሳት ገበያዋን በገዛ እጇ ማነቅ ሆኖ ታያት፤ ሱቁ ከታሸገ ደግሞ ያላት ነገር ሁሉ አለቀ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጃንጥላ ተክሎ ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዳ የምስክርነት ቃል አጻፈች። እቴቴ ሳሌሃ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ለአሻራ የሚሆን የማኅተም ቀለምም ገዛች። የሐኪሙን ማስረጃ በኋላ ታስብበታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጀማሉ በባጃጁ ይዟት ሄደ። ጀማሉ የእቴቴ ሳሌሃ ጎረቤት ነው፤ ቀን ቀን ከተማ ይሠራል፣ ሲመሽ ወደ ገጠር ይመለሳል።

«አክስትሽን'ኮ አገር አወቃት» አለ መሪውን እየጠመዘዘ። «ጽሑፉን ከስልኬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሦስቴ አስደገመችኝ። ሰሞኑን ትንሽ ከሳ ብላለች፤ ስኳሩ ከሰውነቷ ሲወጣ ነው ይላሉ።»

ናጃህ ልቧ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ «እህ» ብላ አለፈችው።

እቴቴ ሳሌሃ ሰሌኗ ላይ ጋደም ብላ አገኘቻት። ከጎኗ ትልቅ የውሃ ጆግ አለ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ የፊቷ አጥንት ወጥቷል። ቢሆንም ናጃህን ስታይ ፊቷ ፈካ።

«ሐኪሜ መጣች» አለች፤ ቀና ልትል ሞክራ አቃታት። «አይዞሽ፣ ደህና ነኝ። ድካም ብቻ ነው። ዓይኔም ትንሽ ብዥ ይላል።»

ናጃህ ተንበርክካ ጉልበቷን ሳመቻት። ደህንነቷን በወጉ ሳትጠይቅ ነገሯን ጀመረች፤ ኋላ ኋላ ስታስበው ከሁሉ የሚያቃጥላት ይህ ነው። ሱቁ ሊታሸግ መሆኑን፣ የአክስቷ አሻራ እንደሚያድናት ነገረቻት።

«ያንቺ ሱቅ ከሚታሸግ የኔ እጅ ይቆረጥ» አለች እቴቴ ሳሌሃ። አውራ ጣቷን ራሷ ቀለሙ ላይ ጫን አደረገች። ወረቀቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል ግን እጇን ሰበሰበች። «ቆይ፣ መጀመሪያ አንብቢልኝ። ምስክርነት ነው፤ ሳልሰማው አላትምም።»

ናጃህ ፈጠን ፈጠን እያለች አነበበች። «... ዛሬ ድኛለሁ፤ መርፌዬን ጥያለሁ» የሚለው ጋ ስትደርስ አክስቷ ራሷን ነቀነቀች።

«እሱስ እውነት ነው። ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀኔ።»

«ምኑ ነው አሥራ ሦስተኛ ቀን?»

«መርፌውን ከጣልኩት ነዋ።»

ናጃህ ክው አለች። ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። የአሮጊቷን የተሰነጠቀ ከንፈር አየች። ጆጉን አየች። ፋርማሲ ስትሠራ ውሃ ውሃ የሚሉ፣ ዓይናችን ደከመ የሚሉ በሽተኞች ስንቴ በፊቷ አልፈዋል። ምልክቱን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ከደጅ ስትገባ ያላየችው ማየት ስላልፈለገች ነው።

«ማን አቁሚ አለሽ፣ እቴቴ?»

አክስቷ ግራ ተጋብታ አየቻት። «አንቺ ነሻ።»

«እኔ?»

«ጀማሉ አንብቦልኛል እኮ። ‹መርፌዬን ጥያለሁ› ይላል፣ በኔ ስም። መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር፤ እኔ መቼ ጣልኩ? ኋላ ሳስበው፣ ናጃህ መድኃኒት ታውቃለች፣ መዳኔን ሳታረጋግጥ አትጽፍም አልኩ። ያሳደግኳት ልጅ በስሜ ትዋሻለች ብዬ እንዴት ላስብ? ደግሞ አገር ሁሉ ካነበበው በኋላ እኔ ስወጋ ብታይ ውሸታም መባልሽ አይደል? እና ጣልኩት።»

ናጃህ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጮክ ብላ ጀማሉን ጠራችና አሮጊቷን ተሸክመው ባጃጁ ውስጥ አስገቧት። መንገዱን ሙሉ እቴቴ ሳሌሃ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ «ወረቀቱንስ ያዝሽው?» ትል ነበር። «ሳላትምልሽ እኮ ቀረሁ።» ናጃህ «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ትላታለች፤ አሮጊቷ ደግሞ በምኑ አውፍ እንደምትላት አልገባትም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ የእቴቴ ሳሌሃን ጣት ለመውጋት ያንን ሰማያዊ የአሻራ ቀለም መጀመሪያ በአልኮል መጥረግ ነበረባት። መለኪያው ቁጥር አልሰጥም አለ፤ ስኳሩ መሣሪያው ከሚያነበው በላይ ነበር። ዶክተር ሀሴት የምትባል ወጣት ሐኪም እየተጣደፈች ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ አስተከለችላትና ኢንሱሊን አስጀመረቻት። አሮጊቷ ትንሽ ከተረጋጋች በኋላ ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ቆማ ጠየቀች።

«እማማ፣ መርፌውን ማን አስቆመዎት?»

እቴቴ ሳሌሃ ናጃህን አየቻት። ልጅቷ በስሟ እንደዋሸች የገባት ያን ጊዜ ነው። ናጃህ ያንን ዓይን አይታ አታውቅም፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። ከዚያ አሮጊቷ ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ማንም» አለች። «ራሴ ነኝ። ሰለቸኝ፣ ተውኩት።»

ዕድሜዋን ሙሉ ሐሰት ያልተናገረች ሴት ናት። የሠፈሩ ሰው በድንበር ሲጣላ ምስክር የሚያደርገው እሷን ነበር። ዶክተር ሀሴት «እርግጠኛ ነዎት? ማንም አልነገረዎትም?» ስትላት ደረቅ ከንፈሯን እያራሰች «ወላሂ...» ብላ መማል ጀመረች።

«እቴቴ፣ አትማይ» አለች ናጃህ። «እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ድኛለሁ ብላለች ብዬ ፌስቡክ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላለችም። ዘይት ልሸጥ ብዬ ነው።»

ዶክተር ሀሴት ልትሰድባት የፈለገች መሰለች፤ ግን አልሰደበቻትም።

«ትተርፋለች ብዬ አስባለሁ። ኩላሊቷን ገና እናያለን» አለች። ቀጥላም «ያንን ጽሑፍ ስንት ሰው አይቶታል?» ብላ ጠየቀች።

ናጃህ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምታስበው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ስልኳን ከፈተች። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አጋርቶታል፤ ያንን ቁጥር ለመጣ ለሄደው ስታሳየው ነበር የከረመችው።

«አጥፊውና ተገላገዪ» አለ አጠገቧ የቆመው ጀማሉ። እሱም ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዝም ብዬ ባጠፋው ያነበቡት በምን ያውቃሉ?»

ፎቶውን ከገጹ አነሳችው፤ የአክስቷ መልክ ከእንግዲህ እዚያ አይውልም። ጽሑፉን ግን ትታ ከላዩ ጻፈች፦ «ከታች ያለው ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ናጃህ ነኝ። አክስቴ አልዳነችም፤ ይህን አምና መርፌዋን አቁማ ሆስፒታል ተኝታለች። ይህን አንብባችሁ መድኃኒት ያቆማችሁ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ።» ሰኞ ሱቁ እንደሚታሸግ ታውቃለች፤ ይታሸግ።

መልስ ለመምጣት አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሙሀመድአወል የሚባል የቆሼ ሰው ነው።

«እህቴ፣ እኔ ለአባቴ አስቁሜያለሁ። ከትናንት ጀምሮ አይናገርም። ዘይቱ ሥራ ጀምሮ ነው ብለን ነበር።»

ወዲያው ጻፈችለት። «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰደው። መኪና ካጣህ በሰው ሸክምም ቢሆን።»

«እሺ። ማን አስቆመው ብለው ሲጠይቁኝ ግን ምን ልበል? እኔ ነኝ ልል ነው?»

«አንተ አይደለህም» ብላ ጻፈችለት። «ናጃህ ሸረፋ በላቸው። ቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ናት በል።»

ከዚያ ጽሑፉን ያጋሩትን ሰዎች ዝርዝር ከፍታ የመጀመሪያውን ስም ነካች።