በአራት አፍ የወጣው ፒያኖ

የሥራ ጓደኞቹ «አማቹ» ይሉታል። ስሙ ጠፍቷቸው አይደለም፤ የሚኖርበትን የሰው አገር እንደ አማት ቤት ስለሚያየው ነው። አማቶቹ ፊት የተቀመጠ አዲስ ሙሽራ ሲያስነጥሰው እንኳ ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ እሱም መንገድ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ብቻ ሳይሆን ለሰዉ ውሻ ጭምር ያሸረግዳል። ቋንቋውን አጥንቶ አሳምሮታል፣ አረማመዱን አስተካክሏል፣ ሳቁ ሳይቀር የእነሱን መስሏል። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ማንኮራፋቱንም በቋንቋቸው ጀመርክ መሰለኝ» ትለዋለች።

ዛሬ ግን መሽኮርመም የለም። የዕቃ ማጓጓዣው የቡድን አለቃ ወገቡ እምቢ ብሎት ቤቱ ውሏል። የድርጅቱ ባለቤት ትናንት ማታ ለአማቹ ደውላ «የነገውን ሥራ አንተ ምራው፤ ካማረልህ አለቃ ነህ» አለችው። እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ እሱን ያላዘዘው ሰው የለም። እሱ ተናግሮ ሌላው ሲንቀሳቀስ ግን አይቶ አያውቅም፤ «ይሄን ነገር እንዴት እናድርገው?» ብሎ የጠየቀውም የለም። ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ ልቡ ቦታዋ አልረጋችም። ሸሚዝ ሲያወልቅ ሲለብስ ቁርሱን ረስቶ ወጣ።

የድርጅቱ ባለቤት ደልደል ያለች፣ ክፋት የሌላት፣ ምክር የምትወድ ሴት ናት። ሠራተኞቹ «እትዬ» ነው የሚሏት። መኪናው ሳይነሳ የዘወትር ምክሯን ለቀቀችው።

«ከየትም ኑ፣ ማንም ሁኑ፣ እዚህ ግን እንደ ቅቤ ነን። አንድ ድስት ውስጥ ገብተን አንድ ላይ መቅለጥ ነው። ሥራ ላይ የአገሩ ቋንቋ ብቻ። ሁሉም በየቋንቋው ከተንጫጫ የሰው ዕቃ ነው የሚሰበረው።»

«እትዬ፣ እኔን እዪኝማ» አለ ቀጮ የሚሉት ሠራተኛ፣ በሸሚዙ ላይ የጎድን አጥንቱን እየዳበሰ። «ስብ በሌለበት ምኔ ይቀልጣል?»

እሷም ሳቀች። አማቹ ግን ዛሬ ለሳቅ ጊዜ አልነበረውም።

የሚወጣው የአንዲት ሙዚቃ መምህርት ፒያኖ ነበር። ሴትዮዋ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይታለች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ በዚያ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። አማቹ ፒያኖውን በብርድ ልብስ አስጠቅልሎ በወፍራም ማንገቻ አሳሰረና ሰዎቹን ደለደለ። ከላይ እሱና ቀጮ ይስባሉ። ከታች ግንበኛውና ጋሼ ይገፋሉ። ግንበኛው በአገሩ ቤት ሲሠራ የኖረ፣ ትከሻው በር የሚያክል ሰው ነው። ጋሼ ዕድሜውን በባሕር ላይ መረብ ሲስብ የጨረሰ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከተቀጠረ ገና መንፈቅ አልሞላውም፣ በዚህ አገር ቋንቋም ከሰላምታ ብዙም አያልፍም።

«በሦስት እናነሳለን» አለ አማቹ፣ ድምፁን እንደ አለቃ ወፈር አድርጎ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

ግንበኛው ሦስት ሲባል አነሳ። ቀጮ ሦስት ተብሎ ካለቀ በኋላ አነሳ። ጋሼ ሁለት ላይ አንስቶ፣ ሦስት ላይ ትንፋሹን ሊሰበስብ አወረደ። ፒያኖው በአንድ ጎኑ ብድግ አለና ሆዱ ውስጥ አጉረምርሞ ተመልሶ ቁጭ አለ።

«በእናንተ አገር ሦስት መቼ ነው?» አለ ግንበኛው።

«ከሁለት ቀጥሎ ነዋ» አለ ቀጮ።

«ታዲያ አንተ ለምን አራት ላይ አነሳህ?»

ጋሼ የሆነ ዜማ በአፍንጫው ማንጎራጎር ጀመረ። «ጋሼ፣ በቋንቋው» አለው አማቹ። ሽማግሌው ዜማውን ዋጠው።

የመጀመሪያውን ፎቅ እየተነታረኩ፣ አንዱ ሲስብ ሌላው እያረፈ፣ እንደምንም ወጡት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ግን ነገር ተበላሸ። የፒያኖው ማዕዘን ከመደገፊያው ብረት ሥር ተሰነቀረና ክብደቱ በሙሉ ግንበኛው ላይ አረፈ። ግንበኛው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ፈጠን በሉ» አለ በጥርሱ መሀል። «ትከሻዬ አለቀ።»

አማቹ ቆጠረ። ፒያኖው አንድ ደረጃ ወደ ታች ተንሸራተተ። ደግሞ ቆጠረ፤ ብረቱ ተንቋረረ። መምህርቷ ከላይ ሆና አፏን በእጇ ያዘች። ከታች፣ ከመንገዱ፣ ሥራውን ልታይ አብራ የመጣችው እትዬ ጮኸች፦ «ምን ሆናችሁ እዚያ?»

የአማቹ ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያጠናው ቋንቋ፣ ያን ሁሉ ዘመን የደከመለት፣ አራት ሰው በአንድ ትንፋሽ ማንቀሳቀስ አልቻለም። አለቅነቱ በዓይኑ ፊት ደረጃውን ሲንከባለል ታየው። ቁልቁል ጋሼን አየ፤ የሽማግሌው ከንፈር ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ጋሼ፣ በራስህ ዜማ አድርገው» አለው።

«ቋንቋ?» አለ ጋሼ፣ ግራ ገብቶት።

«ተወው ቋንቋውን። ልክ መረብ እንደምትስበው።»

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገና ለቀቀው። እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ ከደረቀ ደረት ይወጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ረዘም አድርጎ ጎተተው፣ ሁሉም ማንገቻውን ያዘ፤ ድንገት ቆረጠው፣ ሁሉም አነሳ። ማንም ሳያስረዳቸው እጃቸው ገባው። ፒያኖው ከብረቱ ሥር ተላቀቀ፤ ግንበኛው ተነፈሰ።

ጋሼ ሲቆርጠው ግንበኛው በራሱ ቋንቋ መለሰ፣ አንድ ሙሉ ሰፈር የሚቀሰቅስ ጩኸት። ቀጮ አንድ ነገር ጨመረ፤ ስድብ ይሁን ምርቃት አልታወቀም። አማቹም ሳያስበው ከአፉ «አይዞህ» ወጣ። ከቤቱ ውጭ ለብዙ ዓመት ያልተናገረው ቃል ነው፤ በዚህ አገር ቋንቋ ብዙ ፈልጎ አቻ ያጣለት። ደግሞ አለው፣ ደግሞ። አንገቱ ድረስ ሙቀት ወጣ፣ ጉልበቱ የት ተደብቆ እንደኖረ እንጃ።

ፒያኖው እንደ ጀልባ እየተወዛወዘ ሽቅብ ወጣ። በሮች ተከፈቱ። የሌሊት ልብሷን ያልቀየረች ጎረቤት ብቅ ብላ አጨበጨበች፤ ሕፃናት ጋሼ ድምፁን በቆረጠው ቁጥር ያስተጋቡ ጀመር። የመጨረሻውን ደረጃ ሲረግጡ እየሠሩ ይሁን እየጨፈሩ አልለዩትም። ፒያኖው መምህርቷ ሳሎን መስኮቱ ሥር ሲያርፍ አራቱም እርስ በርስ ተያይተው ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

እትዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ እያለከለከች።

«ይሄን ማን ነው ያዘዘው?»

«ጋሼ ዜማ ይወዳል፣ እትዬ፤ አምልጦት ነው» አለ ቀጮ ቀደም ብሎ።

የማምለጫ በር ተከፍቶለታል፤ አማቹ ዝም ማለት ብቻ ነበረበት።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለ። «በቁጥር ቢሆን ኖሮ አሁን የምናነሳው ግንበኛውን ነበር።»

«እኔ እኮ አንተን የመረጥኩህ ቋንቋውን አሳምረህ ስለምታውቅ ነው።»

«አውቀዋለሁ። ለመነጋገር ይበቃናል፣ እትዬ። ለማንሳት ግን ገና ነን።»

እትዬ ከንፈሯን ነከሰች። «መኪናው ላይ ቁም ሣጥን ቀርቷል» አለች። «እኔ ራሴ እቆጥራለሁ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ወረዱ። እትዬ እጅጌዋን ሰብስባ የቁም ሣጥኑን አንድ ማዕዘን ያዘች። ከጋሼ በቀር ሌሎቹ የቀሩትን ሦስት ማዕዘኖች ያዙ፤ ማንም አልቀለደም፣ ሁሉም ከልቡ ጠበቀ። «አንድ» አለች። «ሁለት» አለችና፣ ሦስት ከአፏ ሳይወጣ እሷው ብድግ አደረገችው። የቁም ሣጥኑ በር ተበርግዶ ቀጮን ደረቱ ላይ መታው።

«እትዬ» አለ ግንበኛው በትሕትና፣ «የአንቺ ሦስትስ የቱ ጋ ነው?»

መጀመሪያ ኮስተር አለች። ቀጥሎ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ መንገደኛ ዞሮ እስኪያያት ድረስ ሳቀች። ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ወደ አማቹ ዞረች።

«እሺ አለቃ፣ እንዴት ነው የምናደርገው?»

አማቹ ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። በዚያ ባሳመረው ቋንቋ ልክ የሚሆን ቃል ፈለገ፣ አጣ። ማንገቻውን አንስቶ መዳፏ ላይ ጠቀለለላት።

«ሲረዝም ያዢ፣ ሲያጥር አንሺ» አላት። «ከዚያ አፍሽ ላይ የመጣልሽን በዪ።»

ከዚያም ለጋሼ ራሱን ነቅንቆ ምልክት ሰጠው፤ ሽማግሌው ዜማውን ሊለቀው ደረቱን ነፋ።