ባዶ ቦታ የተባለው ቤት

ሰው በብዕሩ ሀገር ያቀናል፣ በዚያው ብዕር ሀገር ያፈርሳል፤ ስለዚህ፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ሳያይ የሚጽፍ እጅ ከተሳለ ሰይፍ ይልቅ ሊፈራ ይገባዋል።

ሕንጻ ነዳፊው ልሳነወርቅ ገና ለጋና ጀማሪ፣ ገና ኩሩና ችኩል በነበረበት ወራት፣ የበኩር ሥራው በሆነው ትምህርት ቤት ደረጃውን አዛብቶ ነድፎት ነበር፤ የመጨረሻዋ እርከን ከወለሉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ ልትቀር ስትል፣ ሽማግሌው ግንበኛ አቶ ወልደ ሰንበት ስሕተቱን አይተው፣ ለአሠሪ ሳያሳብቁ፣ ለሠራተኛ ሳያወሩ፣ እያንዳንዷን እርከን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እያደረጉ ገነቡለት። «ልጄ፣ ነገሩ በእኔና በድንጋዩ መካከል ይቅር» አሉት። እርሱም በኮረብታ ላይ በነበረው ቤታቸው ስንት ቀን ከእጃቸው ጎረሰ፣ አባቴም አላቸው።

ዓመታት አለፉ፤ ስሙ ገነነ፣ ማዕረጉ ላቀ፣ የከተማይቱም ፕላን በእጁ ገባ። ያንን ኮረብታ ለመናፈሻ ሲያሰምር፣ በላዩ የነበሩት ቤቶች የይዞታ ካርታ አልነበራቸውምና፣ ደንቡ እንደሚያዝዘው፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቱ «ባዶ ቦታ» ብሎ ጻፈበት። ወይ ደንብ! ወይ እጅ ጽሕፈት! አቶ ወልደ ሰንበት ይህን ሰምተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከልሳነወርቅ ቢሮ ገብተው ቆሙ።

«ልጄ፣ በዚህ ባዶ ውስጥ እኮ እኔ አለሁበት።»

«ምን ላድርግ አባቴ፤ ካርታ የሌለው ቤት በሕግ ፊት አይታይም» አለ፣ ዐይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ።

«ሕጉስ ይሁን፤ አንተም አላየኸው?» አሉት፤ ስለዚያች ደረጃ ግን አንዲት ቃል ሳያነሡ ወጡ። ሐምሌ ላይ ቤቱ ፈረሰ፤ መስከረም ሳይጠባ እርሳቸውም በኪራይ ክፍል ውስጥ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ልሳነወርቅ በስተርጅናው መምህር ሆኖ፣ «ደጅ ሳታንኳኩ መስመር አታስምሩ» እያለ ሲያስተምር፣ የሰማው ሁሉ ያደንቀው ነበር። አንድ ቀን ትርሲት የምትባል ተማሪው ከመዝገብ ቤት ያገኘችውን አሮጌ ፕላን በተማሪዎቹ ጉባኤ ፊት ዘረጋች።

«መምህር፣ ኮረብታ ሙሉ ሰው ባዶ ብሎ የጻፈ፣ ምን ዐይነት ጨካኝ ይሆን?»

የራሱን እጅ ጽሕፈት ዐወቀ። ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም፤ ነገሩ በእርሱና በወረቀቱ መካከል በቀረ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለና በተማሪዎቹ ፊት አለቀሰ። እርሳስም አንሥቶ «የአባቴ የወልደ ሰንበት ቤት» ብሎ ከባዶው ላይ ጻፈበት፤ አዬ፣ ምን ያደርጋል፣ የሚያነቡለት አባት የሉም። ቤት ቢፈርስ ቤት ይተካዋል፤ የጎረሰበትን ደጅ ባዶ ያለ ሰው ግን ያንኑ ባዶ ዕድሜውን ሙሉ ይኖርበታል።