ዝም የሚለው ቡድን

ሮዳስ የሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ኮኪት ከተማ የደረሰችው የሰሊጥ አጨዳ ሊጀመር ሲል ነው። ጎንደር ላይ ተከላካይ ሆና ስትጫወት ጉልበቷ ተጎዳና ኳስ አቆመች። የአሰልጣኝነት ኮርስ ወስዳ ሰርተፍኬት ብትይዝም፣ "ሴት ወንዶችን ልታሰለጥን?" እያሉ የመለሷት ብዙ ነበሩ። የኮኪት ወጣቶች ቡድን የተቀበላት የቀድሞው አሰልጣኝ መሬት ተከራይቶ ወደ እርሻ ስለገባና ሌላ ፈቃደኛ ስላልተገኘ ነበር። የቡድኑ ሰብሳቢ ጋሽ እንግዳውም ይህን አልሸሸጓትም።

"እስከ ታኅሣሡ የዞን ውድድር እንይሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።"

"ይሁን ጋሼ። እስከዚያ ግን በመሃል አይግቡብኝ።"

ሽማግሌው ሳቁ። "አልገባም፣ አይዞሽ።"

ልምምዱ ፀሐይዋ ሳትከር በጠዋት ነበር። ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ኳስም ይችላሉ። ሮዳስን ያስገረማት ግን ዝምታቸው ነው። "ስጠኝ" የሚል የለም፤ "ሰው መጣብህ" ብሎ የሚያስጠነቅቅም የለም። የሚሰማው መተማ ተወልዶ ያደገው አምበሉ ቢያድግልኝ እንደ ሱዳኖቹ "ያላ! ያላ!" እያለ ሲያጣድፍ ብቻ ነው።

"ለምንድን ነው የማትጠራሩት?" አለቻቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። "እኛ እንዲሁ ነን" አለ በረኛው አሸናፊ።

መልሱ አላረካትም። በእጅ ምልክት እንዲግባቡ ሞከረች፤ ኳስ የያዘው እግሩን እያየ የጓደኛውን እጅ ከየት ያየዋል? ዝም ያለ ሜዳውን ይዞራል ብላ ደነገገች፤ ያን ጠዋት ትርጉም በሌለው ጩኸት አደነቆሯትና በማግስቱ እንደገና ጭጭ አሉ። ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ምግብ ስትበላ ሳይቀር ታስበዋለች።

አጨዳው ሲደርስ ልምምዱ ሳሳ። ከተጫዋቾቹ ግማሾቹ ከደጋ ለሥራ ወርደው እዚያው የቀሩ፣ አገሬው ሳሉግ የሚላቸው የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሮዳስ የቀሩባትን ልታይ በጭነት መኪና ወደ እርሻው ሄደች። ገና ከመኪናው ሳትወርድ የሰው ድምፅ ሰማች። አንዱ ከፊት ሆኖ እያዜመ ያሳጭዳል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ጠጋ ስትል ዓይኗን ማመን አቃታት። አሳጫጁ አንዱአምላክ ነበር፤ ሜዳ ላይ ትንፍሽ የማይለው ጎጃሜው ተከላካይ።

ለዕረፍት ሲቀመጡ ውሃ አቀበለችው። "ይሄ ሁሉ ድምፅ ሜዳ ላይ ወዴት ይሄዳል?"

አንዱአምላክ አንገቱን ደፋ። የመለሰላት አጠገቡ የተቀመጠው የወሎው ልጅ ለይኩን ነው።

"ይስቁብናል፣ አሰልጣኝ። ሲጀመር አንዱአምላክ 'ወዲህ በል' ብሎ ሲጣራ ቢያድግልኝ ቃሉን እየጎተተ አስመሰለው። ሜዳው በሳቅ ተሞላ። እኔንም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ ማን አፉን ይከፍታል?"

ሮዳስ ነገሩ ገባት። ኮርሱ ላይ መጀመሪያ ትእዛዝ ስትሰጥ ከኋላ የሰማችው የወንዶች ሳቅ ትዝ አላት። ቢያድግልኝን በሰው ፊት ብትቆጣው ነገሩ እንደሚብስ ገመተች። ምን ይሻላል? መንገዱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ተመለሰች።

አጨዳው አልቆ ሁሉም ሲሰበሰብ የቢያድግልኝን ዓይን በሻሽዋ አሰረች። ኳሱን እግሩ ሥር አስቀምጣ፣ "ለሚጠራህ አቀብል" አለችው። የሚጠሩት ደግሞ ደገኞቹ ብቻ እንዲሆኑ አደረገች።

ማንም አልጠራም።

"ጥሩኝ እንጂ!" አለ ቢያድግልኝ። እጁን ዘርግቶ ወዲያና ወዲህ ዞረ። መሳቂያ የሆነው አሁን እሱ ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንዱአምላክ፣ አለህ?" አለ።

"አለሁ። ወዲህ በል!"

ኳሱ አንዱአምላክ እግር ላይ ሄዶ አረፈ። ቀጥሎ ለይኩን ጠራ፤ ከዚያ ሌላው።

ሻሹ ሲፈታለት ቢያድግልኝ ወደ ሮዳስ መጣ። "እኔ እኮ ለጨዋታ ብዬ ነበር።"

"አውቃለሁ። ለእነሱ ንገራቸው።"

አንዱአምላክን ከግቡ ኋላ ወስዶ አናገረው። ምን እንደተባባሉ ለመስማት ጆሮዋን ብታቆምም አልሰማችም። ሲመለሱ ግን ሁለቱም ፈገግ ብለው ነበር።

ገንዳ ውኃ ከተማ በተደረገው የዞኑ ውድድር ከገለጉ ከተማ ቡድን ጋር ለግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። የኮኪት ልጆች በጎጃምም በወሎም በመተማም አፍ ሲጠራሩ ዋሉ። መጨረሻው ላይ የገለጉ አጥቂ ከቢያድግልኝ ጀርባ ሲመጣ አንዱአምላክ "ከኋላህ!" ብሎ ጮኸ፤ ቢያድግልኝም ዞር ሳይል ኳሱን ጠርጎ አወጣው። ባዶ ለባዶ አለቀና በፍፁም ቅጣት ምት ተሸነፉ።

ሮዳስ ሥራዋ ያበቃ መሰላት። ጋሽ እንግዳው ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

"ይኼ ቡድን አፍ እንዳለው አላውቅም ነበር" አሉ። "ለከርሞም ያንቺው ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አለች። ደስታዋን እንዳያዩባት ፊቷን ወደ ሜዳው መለሰች።

ወደ ኮኪት ሲመለሱ መኪናው ላይ በረኛው አሸናፊ አጠገብ ተቀመጠች። ሽንፈቱ አንገቱን አስደፍቶታል።

"አሸናፊ፣ ፍፁም ቅጣት ሲመታ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የምትወድቀው ለምንድን ነው?"

ቀና ብሎ አያት። "እኔ? ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ልጁ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ እያገላበጠ ይመለከታቸው ጀመር።